ከደረቁ ልብስ ሥር፦ በቀዝቃዛ ውኃ የሚጠልቅ ሰው ምን ይልበስ?

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ካነበባችሁም በኋላ በመጨረሻ የቀረቡትን መልመጃዎች በደብተራችሁ ላይ ሥሩ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ በምትገኘው በአይስላንድ ደሴት፣ ቲንግቬሊር በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ሲልፍራ የተባለ ጠባብ የመሬት ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ የተፈጠረው ሰሜን አሜሪካንና ዩሮኤስያን የተሸከሙት ሁለት ታላላቅ የመሬት ቅርፊቶች እርስ በርሳቸው ስለሚራራቁ ነው። ነገሩ ለአፍሪካ ቀንድ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ የአፋርን ምድር የሰነጣጠቀውና ታላቁን የስምጥ ሸለቆ ያስገኘውም ይህን የመሰለ የምድር እንቅስቃሴ ነው። ልዩነቱ የአፋር ስንጥቆች በሐሩር የሚነዱ ሲሆኑ፣ የሲልፍራ ስንጥቅ ግን ከበረዶ ግግር ቀልጦ በመጣ ውኃ የተሞላ መሆኑ ነው። ውኃው ላንግዮኩል ከተባለው የበረዶ ግግር ተነሥቶ፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲጣራ ቆይቶ ስለሚደርስ እንደ መስተዋት የጠራ ነው። ሙቀቱ ግን ክረምት ከበጋ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ነው።

ይህን የውኃ ጥራት ለማየት ጠላቂዎች ከልዩ ልዩ አገሮች ወደ ሲልፍራ ይሄዳሉ። የአየር ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው፣ መነጽር አጥልቀው፣ ቀስ ብለው ወደ ስንጥቁ ይወርዳሉ። በዚህ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ቆይቶ በጤና መውጣት እንዴት ይቻላል? ብዙ ሰው መልሱን ከውጭ በሚታየው ጥቁር የላስቲክ ልብስ ላይ ይፈልገዋል። እውነተኛው መልስ ግን ያለው ከዚያ ልብስ ሥር በሚደረበውና ማንም ተመልካች በማያየው ልብስ ላይ ነው። የዚህ ምንባብ ዓላማ የውስጥ ልብሱ እንዴት እንደሚመረጥና ምርጫው ስለ ምን የሕይወት ጉዳይ እንደሚሆን መግለጽ ነው።

ውኃ ሙቀትን እንዴት ይወስዳል?

የጤናማ ሰው የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የውስጥ ሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሃይፖተርሚያ የሚባለው አደገኛ የሰውነት መቀዝቀዝ ይደርሳል። ከ37 እስከ 35 ያለው ርቀት ሁለት ዲግሪ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። በጤንነትና በአደጋ መካከል ያለው ድንበር ይህን ያህል ቀጭን ነው።

ውኃ ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ከአየር 25 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ለዚህም ነው 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል ውስጥ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ ደስ ብሎት የሚቀመጥ ሰው፣ ያንኑ 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው ውኃ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ቢቆይ ጥርሱ የሚንገጫገጨው። በ20 ዲግሪ ይህ ከሆነ፣ በ3 ዲግሪ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

ብርድ ጠላቂን የሚያጠቃው በየደረጃው ነው። በመጀመሪያ ሰውነት የውስጥ አካላትን ለማዳን ሲል ወደ እጅና ወደ እግር የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ጣቶች ይደነዝዛሉ። ቀጥሎ መንቀጥቀጥ ይመጣል። መንቀጥቀጡ እየበረታ ሲሄድ እንቅስቃሴ ይዘበራረቃል፤ በመጨረሻም ሐሳብ ይደነግዛል፤ ማመዛዘንም ይጠፋል። በየብስ ላይ ጣቱ የደነዘዘ ሰው እጁን ወደ እሳት ያቀርባል። በውኃ ውስጥ ያለ ሰው ግን አየር ማስገቢያውን የሚጫን፣ ማስወጫውን የሚከፍት፣ ለጓደኛው ምልክት የሚሰጥ በእነዚያው ጣቶች ነው። ጣት ሲከዳ መሣሪያው ሁሉ ይከዳል። ስለሆነም ለጠላቂ ሙቀት የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመመለስና ያለመመለስ ጉዳይ ነው።

ደረቅ ልብስ ምንድን ነው?

በእንዲህ ያለ ውኃ የሚጠልቁ ሰዎች የሚለብሱት ውኃ የማያስገባ ልብስ ደረቅ የመጥለቂያ ልብስ፣ ወይም ባጭሩ ደረቅ ልብስ ይባላል። ከአንገትና ከእጅ አንጓ ላይ በጥብቅ ላስቲክ ይዘጋል፤ ከእግሩ ጫማ ጋር የተያያዘ ነው፤ መግቢያውም ውኃ በማያሳልፍ ልዩ ዚፕ ይቆለፋል። ከደረቱ ላይ አየር የሚያስገባ፣ ከክንዱ ላይ ደግሞ አየር የሚያስወጣ ቫልቭ አለው።

ደረቅ ልብስ በጠቅላላው በሁለት ሊመደብ ይችላል። አንደኛው ጥቃቅን የጋዝ ቋጠሮዎች ካሉበት ኒዮፕሪን ከተባለ ላስቲክ የሚሠራው ነው። ይህ በራሱም ጥቂት ሙቀት ይይዛል፤ ነገር ግን ጠላቂው ወደ ታች በወረደ ቁጥር በውስጡ ያሉት ቋጠሮዎች ስለሚጨመቁ ሙቀት የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ሁለተኛው ከስስና ከጠንካራ ድርብርብ ጨርቅ የሚሠራው ነው። ይህኛው ውኃ ከማገድ በቀር ለሙቀት የሚያበረክተው እጅግ ጥቂት ነው። እንደ ዝናብ ካፖርት ያደርቃል እንጂ እንደ ብርድ ልብስ አያሞቅም። የማሞቁን ሥራ ሙሉ በሙሉ የሚተወው ለውስጥ ልብሱ ነው።

ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። አውጉስቱስ ዚቤ የተባለ፣ በጀርመን ተወልዶ በለንደን ይሠራ የነበረ መሐንዲስ በ1837 ከብረት ቁር ጋር የተያያዘ ዝግ የመጥለቂያ ልብስ አዘጋጀ። ከ1839 ጀምሮም የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች፣ በ1782 በፖርትስመዝ ወደብ አጠገብ የሰጠመችውን ሮያል ጆርጅ የተባለች የጦር መርከብ ስብርባሪ ለማንሣት የዚቤን መሣሪያ ተጠቅመዋል። እንዲህ ያለውን ከባድ ልብስ የሚለብሱ ጠላቂዎች ከሥሩ ወፍራም የበግ ጠጉር ሹራብ፣ የጠጉር ካልሲና የጠጉር ቆብ ያደርጉ ነበር። ስለ ሙቀት የተጻፈ ብዙ ትምህርት ሳይኖራቸው፣ ውጭው ውኃን እንደሚያግድና የሚያሞቀው ውስጡ እንደ ሆነ በልምድ ተረድተውት ነበር።

የሚያሞቀው ጨርቁ አይደለም

በደጋ አገር፣ ውርጭ በወደቀበት ጧት፣ ዶሮን ብትመለከቱ ላባዋን ነፍታ ከወትሮው ይልቅ ወፍራም መስላ ታገኟታላችሁ። ዶሮዋ ላባ አልጨመረችም። የጨመረችው በላባዋ መካከል የሚገኘውን አየር ነው። ጋቢ የሚያሞቀንም በዚሁ ምክንያት ነው። ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ ሲለበስ በየድርቡ መካከል አየር ይታሰራል። ይህ አየር ከቦታው ስለማይነቃነቅ የገላችንን ሙቀት ወስዶ አይሄድም።

እንግዲህ መሠረቱ ይህ ነው፤ የሚያሞቀው የታሰረው አየር ነው፤ የጨርቁ ሥራ አየሩን አስሮ መያዝ ነው። የውስጥ ልብስ ለመምረጥ የሚነሣ ሰው «ጨርቁ ምን ያህል ከባድ ነው?» ብሎ ሳይሆን «ምን ያህል አየር ይይዛል? ሲጨመቅስ ይይዛል? ሲረጥብስ ይይዛል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የመጀመሪያው በየብስ ላይ ለሚኖር ሰውም ያገለግላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን የጠላቂ ጥያቄዎች ናቸው።

መጨመቅ

የውኃ ግፊት በየ10 ሜትር ጥልቀት በአንድ ከባቢ አየር ያህል ይጨምራል። በመሆኑም በልብሱ ውስጥ ያለው አየር በ10 ሜትር ጥልቀት መጠኑ በግማሽ፣ በ30 ሜትር ደግሞ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ጠላቂው በደረቱ ላይ ባለው ቫልቭ አየር ካልጨመረ ልብሱ ከገላው ጋር ተጣብቆ ቆዳውን ይቆነጥጠዋል፤ የውስጥ ልብሱም ተደፍጥጦ እንደ ወረቀት ይሳሳል። አየር ሲጨመር ጨርቁ መልሶ መንሰራፋት አለበት።

አየር ተጨምሮም ቢሆን መጨመቁ ፈጽሞ አይቀርም። አየር ምንጊዜም ወደ ላይ ስለሚሸሽ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ጠላቂ በትከሻው አካባቢ አየር ሲበዛለት እግሮቹ ግን በውኃው ግፊት ተጠብቀው ይቀራሉ። እግር ከሌላው የሰውነት ክፍል ቀድሞ ከሚበርድባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ ጥሩ የውስጥ ልብስ ሲጫኑት በቀላሉ የማይደፈጠጥ፣ ሲለቁትም ቶሎ የሚነሣ መሆን ይኖርበታል። ይህንን በገበያ ላይ በቀላሉ መፈተን ይቻላል። ጨርቁን በመዳፍ ጥብቅ አድርጎ ጨብጦ መልቀቅ ነው። ወዲያው ወደ ቀድሞ ውፍረቱ የሚመለሰው የተሻለ ነው፤ ተጨማድዶ የሚቀረው ግን በውኃ ግርጌም እንደዚያው ይሆናል። በወፍ ላባ የተሞላ ጃኬት በየብስ ላይ እጅግ የሚሞቅ ሲሆን ለጠላቂ የማይመከርበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ሲጫኑት ይደፈጠጣል፤ ሲረጥብም ላባው ይጓጉላል።

መርጠብ

«ደረቅ ልብስ» የሚለው ስም ሊያታልለን አይገባም። ልብሱ ውስጥ እርጥበት በሁለት መንገድ ይገባል። አንደኛው ከውጭ ነው። የአንገቱ ላስቲክ በትንሹ ቢታጠፍ፣ አንድ የሹራብ ክር በእጅ አንጓው ላስቲክ ሥር ቢገባ፣ ወይም ብናኝ ጠጉር በአየር ማስወጫው ቫልቭ ላይ ቢሰካ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል። ሁለተኛው ከውስጥ ነው፤ እርሱም ላብ ነው። ልብሱ ውኃ እንደማያስገባ ሁሉ የላብን እንፋሎትም በቀላሉ አያስወጣም።

ከቆዳ ጋር የሚገናኘው ልብስ የሚመረጠው በዚህ መነሻ ነው። ጥጥ ላብን ይመጥጣል፤ የመጠጠውንም በገላ ላይ ይዞ ይቆያል። በክሮቹ መካከል የነበረው አየር በውኃ ስለሚተካ ማሞቁን ትቶ ማቀዝቀዝ ይጀምራል። ደረቅ ጋቢ ምን ያህል እንደሚሞቅና ዝናብ የመታው ጋቢ ምን ያህል እንደሚከብድና እንደሚበርድ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። የጥጥ ካናቴራ፣ የጥጥ ካልሲና የጥጥ ሱሪ በደረቅ ልብስ ሥር ቦታ የላቸውም።

የበግ ጠጉር ጠባይ ከዚህ የተለየ ነው። ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት በክሩ ውስጥ መጥጦ እንኳ በእጅ ሲዳሰስ ርጥብ አይመስልም። ክሩም በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ስለሆነ ሲረጥብ ሙሉ በሙሉ አይተኛም፤ ጥቂት አየር ይዞ ይቀራል። በብርዳማው የመንዝ ምድር ባናና ዝተት ከጥጥ ሳይሆን ከበግ ጠጉር መሠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ለጠላቂዎች ይበልጥ የሚመረጠው ሜሪኖ ከሚባለው የበግ ዝርያ የሚገኘው ቀጭን ጠጉር ነው፤ ገላን አይኮሰኩስምና። ፖሊስተርና ፖሊፕሮፒሊን የተባሉት ሰው ሠራሽ ክሮችም ውኃን ስለማይመጡ ላቡን ከቆዳ አርቀው ወደ ሚቀጥለው ድርብ ያሳልፉታል።

ሦስቱ ድርቦች

ከላይ የተባለውን በቅደም ተከተል ስናስቀምጠው የጠላቂ አለባበስ ሦስት ድርቦች ይኖሩታል።

የመጀመሪያው ድርብ ከቆዳ ጋር የሚገናኘው ነው። ስስና ከገላ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። ተግባሩ ላብን ከቆዳ ማራቅ ነው።

ሁለተኛው ድርብ አየር የሚይዘው ነው። ከዚህ ውስጥ ፍሊስ የሚባለው ለስላሳና ጠጉራም የፖሊስተር ጨርቅ በሰፊው የታወቀ ነው። ቲንሱሌት የተባለው ደግሞ እጅግ ከቀጠኑ ሰው ሠራሽ ክሮች የሚሠራ ሲሆን፣ ክሮቹ ቀጭንና ብዙ ስለሆኑ በትንሽ ውፍረት ብዙ አየር ያስራሉ። የእንዲህ ዓይነት ልብስ ውፍረት የሚለካው በአንድ ካሬ ሜትር በሚመዝነው ግራም ነው። ለመጠነኛ ብርድ 200 ግራም፣ ለበረታ ብርድ ደግሞ 400 ግራም የሚባሉት የተለመዱ ናቸው።

ሦስተኛው ድርብ እንደ አስፈላጊነቱ የሚጨመር ሰደርያ ነው። ሰደርያ ደረትንና ጀርባን ብቻ ስለሚሸፍን የክንድን እንቅስቃሴ አያውክም። ልብና ሳንባ ያሉበት የሰውነት ክፍል ከሞቀ ሰውነት ወደ እጅና ወደ እግር የሚልከውን ደም አይነፍግም። ስለዚህ ጣት የሚበርደው ሰው አንዳንድ ጊዜ መድኃኒቱ ተጨማሪ ጓንት ሳይሆን ሰደርያ ነው።

እጅና እግርም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ደረቅ ጓንት የሚያደርግ ጠላቂ ከውስጡ ስስ የጠጉር ጓንት ይደርባል። አንዳንዶች በእጅ አንጓው ላስቲክ ሥር ቀጭን ገመድ ወይም ቱቦ በማሳለፍ የልብሱ አየር ወደ ጓንቱ እንዲደርስ ያደርጋሉ። ካልሲን በተመለከተ ግን ብዙ ሰዎች ይሳሳታሉ። እግር በረደኝ ብለው በጠባብ ጫማ ውስጥ ሁለትና ሦስት ካልሲ ያጭቃሉ። አየሩ ይወጣል፤ ደምም እንደ ልብ አይዘዋወርም፤ እግሩም ከቀድሞው ይልቅ ይበርዳል። በሰፊ ጫማ ውስጥ ያለ አንድ ወፍራም ካልሲ በጠባብ ጫማ ውስጥ ካሉ ሦስት ካልሲዎች ይሻላል።

መብዛትም ጉዳት አለው

ከዚህ በላይ ከተነገረው ተነሥቶ «እንግዲያውስ የቻልኩትን ያህል ልደርብ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ የታሰረ አየር ሁሉ ወደ ላይ የሚያንሳፍፍ ነው። ጠላቂው አየር በጨመረ ቁጥር ለመስጠም የሚያስፈልገውን የእርሳስ ክብደትም መጨመር ይኖርበታል። ከዚህም በላይ በልብሱ ውስጥ ብዙ አየር ካለና ጠላቂው ጭንቅላቱን ዝቅ ካደረገ፣ አየሩ ወደ እግሮቹ ይሮጥና ሰውየውን ቁልቁል ዘቅዝቆ ወደ ላይ ሊያስፈነጥረው ይችላል። ሳይጠበቅ በፍጥነት ወደ ላይ መውጣት በመጥለቅ ሥራ ከሚፈሩት አደጋዎች አንዱ ነው። በተጨማሪም ብዙ የደረበ ሰው ክንዱን አጥፎ ቫልቮቹን መድረስ ሊያቅተው ይችላል። ስለሆነም አዲስ የውስጥ ልብስ የገዛ ጠላቂ ጥልቅ ውኃ ከመግባቱ በፊት ልብሱን ለብሶ እጁን ወደ ቫልቮቹ ሁሉ ማድረስ መቻሉን ማረጋገጥ፣ የእርሳሱንም ክብደት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ እንደገና መለካት አለበት።

የሚጨመረው ጋዝ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። በጣም ጥልቅ ቦታ የሚጠልቁ ሰዎች ሂሊየም የተቀላቀለበት ጋዝ ይተነፍሳሉ። ሂሊየም ግን ከአየር 6 እጥፍ ያህል ሙቀት ስለሚያስተላልፍ ወደ ልብሱ አይጨመርም። በአንጻሩ አርጎን የተባለው ጋዝ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከአየር ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ አንዳንድ ጠላቂዎች ለልብሳቸው የሚሆን አርጎን በትንሽ ሲሊንደር ይይዛሉ። ንጹሕ አርጎን ኦክስጅን የሌለው በመሆኑ የሚተነፍሰውን ሰው ይገድላል። ስለዚህ ሲሊንደሩ በግልጽ ምልክት ተለይቶ ይያዛል፤ መተንፈሻም አይገጠምለትም።

በባትሪ የሚሞቁ ሰደርያዎችም አሉ። እነዚህ ይጠቅማሉ፤ ሆኖም ባትሪ ሊያልቅ፣ ሽቦም ሊበጠስ ይችላል። በ2007 የወጣ አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከታች ሳለ ሞቆት ወደ ላይ ሲወጣ የሚበርደው ጠላቂ፣ ከታች ቀዝቀዝ ብሎት ሲወጣ ከሚሞቀው ይልቅ ለጋዝ አረፋ ሕመም የተጋለጠ ነው። ምክንያቱም ከታች በሙቀት የተዝናኑት የደም ሥሮች ብዙ ናይትሮጅን ወደ ሰውነት ያስገባሉ፤ ሲወጣ ግን በብርድ ስለሚጠብቡ ናይትሮጅኑን በወቅቱ አያስወጡትም። እንግዲህ በማሞቂያ ብቻ የተማመነ ሰው መሣሪያው ከታች ሠርቶ በመውጫው ላይ ቢጠፋበት ከሁሉ የከፋው ይደርስበታል። በመሆኑም ደንቡ የሚከተለው ነው፤ ማሞቂያው ቢጠፋ እንኳ የውስጥ ልብሱ ብቻውን ሰውየውን በደኅና ወደ ላይ የሚያደርስ መሆን አለበት።

ሁለት ጠላቂዎች

እስቲ በሲልፍራ ዳር የቆሙ ሁለት ጠላቂዎችን በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት።

አንደኛው ከቆዳው ላይ የጥጥ ካናቴራ ለብሷል፤ ከላይም ሁለት ወፋፍራም ሹራብ ደርቧል። «እንዳይበርደኝ» ብሎ ገና በሞቀ ክፍል ውስጥ ሳለ ደረቁን ልብስ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ከባድ ዕቃውን ተሸክሞ ረጅም መንገድ ተጓዘ። ከውኃው ዳር ሲደርስ ሙቀቱ አይሎበት ፊቱን ላብ አጥምቆታል። በዚያ ሰዓት ከሁሉ የሞቀው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ስስ የሜሪኖ ልብስና በላዩ አንድ ወፍራም የውስጥ ልብስ ለብሷል። ዕቃውን ሲያጓጉዝ ዚፑን ከፍቶ ቀስ እያለ ሄደ፤ የቆለፈውም ከውኃው ዳር ደርሶ ካረፈ በኋላ ነው። ከመቆለፉ በፊት ጣቱን በአንገቱ ላስቲክ ዙሪያ አዙሮ ክር አለመግባቱን መረመረ። በዚያ ሰዓት ጥቂት ቀዝቀዝ ብሎታል።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በሁለቱ መካከል ልዩነት አይታይም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግን የፊተኛው ካናቴራ የጠጣው ላብ መቀዝቀዝ ይጀምራል። ጀርባው ላይ ብርድ ይሰማዋል፤ ቀጥሎም ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል። አየር ማስወጫውን ለማዞር ሁለትና ሦስት ጊዜ ይሞክራል። በዚህ ጊዜ አንድ ትክክለኛ ሥራ ብቻ ይቀረዋል፤ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ለጓደኛው ማሳየት። ይህ ምልክት በየብስ ላይ «ደኅና ነኝ» ማለት ሲሆን፣ በጠላቂዎች ቋንቋ ግን «እንውጣ» ማለት ነው። ይህን ምልክት ያየ ጓደኛ «ጥቂት እንቆይ» አይልም፤ ከወጡም በኋላ አይወቅስም። ማንኛውም ጠላቂ በማንኛውም ጊዜ መጥለቁን ማቆም ይችላል። በብርድ የተያዘ ሰው የራሱን ሁኔታ በትክክል መመዘን ስለሚያቅተው፣ ጓደኛውም ምልክት ሳይጠብቅ የእጁን እንቅስቃሴ መከታተል ይገባዋል።

መደምደሚያ

የመጀመሪያው ጠላቂ ስሕተት የልብስ ማነስ አልነበረም፤ እንዲያውም የለበሰው ከሁለተኛው ይበዛል። ስሕተቱ ልብሱን የመረጠው በዳር ቆሞ ለሚሰማው ብርድ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ግን ከውኃው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ፣ ልብሱ ተጨምቆና ረጥቦ ሳለ ለሚያገኘው ብርድ መረጠ። የውስጥ ልብስ የሚመረጠው ለመግቢያው ሳይሆን ለመውጫው ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ አበው፣ በውኃ ውስጥ የሚገጥም ብርድ መከላከያው በየብስ ላይ፣ በጊዜው፣ በማሰብ የሚደረግ ምርጫ ነው። አንድ ጊዜ ከገቡ በኋላ ካናቴራ መለወጥ አይቻልምና።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።

1. የሲልፍራ ስንጥቅና የአፋር ስንጥቆች በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. «የሚያሞቀው ጨርቁ አይደለም» ሲባል ምን ማለት ነው? የዶሮዋን ምሳሌ በመጠቀም አስረዱ።
3. ጥጥና የበግ ጠጉር ሲረጥቡ የሚያሳዩትን ልዩነት ግለጹ።
4. በጠባብ ጫማ ውስጥ ብዙ ካልሲ መደረብ እግርን ይበልጥ የሚያበርደው ለምንድን ነው?
5. የመጀመሪያው ጠላቂ በውኃው ዳር ከሁሉ የሞቀው ሆኖ ሳለ ቀድሞ የበረደው ለምንድን ነው?

ለ. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍች መሠረት ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።

መደፈጥጥ፣ ሰደርያ፣ መንሰራፋት፣ መደንዘዝ፣ ክረምት ከበጋ፣ በዓይነ ኅሊና መመልከት

ሐ. በምትኖሩበት አካባቢ ሰዎች ብርድን ወይም ሙቀትን ለመከላከል የሚለብሱትን አንድ ልብስ መርጣችሁ፣ ከምን እንደሚሠራና ለምን እንደሚስማማ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።